የደወሌ ጩኮ

ቅቤ ሲነጠር የሚሸተውን ሽታ የሚጠላ ሰው አሰላ ውስጥ አለ ቢባል እሱ እኔ ነኝ። ሐኪም የከለከለኝ ነገር የለም፤ ጨጓራዬም ደህና ነው። ባለፈው እሁድ ጠዋት ምራቴ ሰኣዳ ጓዳ ሆና የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ማሸት ስትጀምር ሽታው ሳሎን ድረስ መጥቶ አፍንጫዬን ያዘኝ። ጩኮ እየሠራች ነበር። እዚህ አርሲ ሰርግም፣ አራስም፣ ሩቅ መንገድም ያለ ጩኮ አይሆንም፤ ሳይበላሽ ብዙ ቀን የሚቆይ፣ አንድ እፍኙ ሰውን ቀኑን ሙሉ የሚያቆም ምግብ ነው። እኔ ግን አፌ ካላስገባሁት ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ነው። ያም ሆኖ በዚህ ከተማ ስሜ ከድር ጩኮ ነው። ጎማው የፈነዳበት ሾፌር ሁሉ “ጩኮ ጋ ውሰደው” ይባላል። ልጄ ይባስ ብሎ ታፔላው ላይ “ጩኮ ጎሚስታ” ብሎ በቀይ ቀለም አጻፈው። የልጅ ልጄ ነኢማ “የጩኮ ልጅ” እየተባለች ተምራ አሁን መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ይህን ስም ያወጣልኝ ሰው ነው እሁድ ዕለት ሽማግሌ ሆኖ ነኢማን ለሰው ልጅ ሊጠይቅ ደጃፌ ላይ የቆመው።

ሰውየው አማን ይባላል። አሁን ሮቤ የሚኖር፣ በየሰርጉ መርቆ ማዕድ የሚያስጀምር የተከበረ ሽማግሌ ነው። ያን ጊዜ ግን የአንድ ሠፈር ጎረምሶች ነበርን፤ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል። ሁለታችንም ቤል ቦተም ሱሪ ነበረን፤ የኔ ቡኒ፣ የሱ ውሃ ሰማያዊ፣ እግሩ ሰፊ ከመሆኑ የተነሳ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ገበያ የመንገዱን አቧራ ጠርገን እንሄዳለን። ሻይ በአስር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም ነበር። ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሬዲዮ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ አንድ ዘፈን ያመጣል፤ ግጥሙን ረስቼዋለሁ፣ ዜማው ግን ዛሬም ጎማ ስለጥፍ ሳላስበው ከአፌ ይወጣል። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ያን ጊዜ አጥንት ድረስ ይገባ ነበር፣ አሁን ከተማው ቤት በቤት ሆኖ ይሁን እኔ ደርቤ መልበስ ለምጄ፣ እንደዚያ አይደለም። በዚያ ብርድ አንድ ጠዋት እናቴ ጠራችኝ። እህቴ ዘይነባ ጅቡቲ ወደብ ለሚሠራ ሰው ተድራ ሄዳ ነበርና የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው የሚል መልእክት መጥቷል። አማን ለንግድ ወደዚያው የሚሄድ ስለሆነ አብሬው ሄጄ የአራስ ጩኮ እንዳደርስ ታዘዝኩ።

እናቴ ጩኮውን ጠቅጥቃ የሞላችበት ቆሪ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለክዳን የእንጨት ዕቃ፣ ዙሪያውን በዛጎል ያጌጠ፣ ስትዳር ይዛው የመጣችው ነበር። ክዳኑን በጠፍር አሰረችና “ይህን የምትፈታው ዘይነባ ናት። መንገድ ላይ ብትራቡ ሌላ ፈልጉ፤ የአራስ እህል አይነካም” አለችን። ዕቃውን ለኔ ነው የሰጠችኝ፤ እኔ ግን ከደጃፋችን ሳንርቅ ለአማን አስያዝኩት። በኛ ወግ ሁለት ሰዎች አብረው መንገድ ሲወጡ እህሉን ታላቁ ይይዛል፣ ታናሹ ይላላካል። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ የእናቱን ዕቃ ደረቱ ላይ አቅፎ ይቀመጥ ነበር። እኔ አርሲ ነኝና ለታላቄ ሰጠሁ፣ እንደ ሥርዓት ያለው ልጅም ኮራሁበት።

ከአሰላ ናዝሬት በአውቶቡስ፣ ከናዝሬት ድሬዳዋ በባቡር ሄድን። የራሳችን ስንቅ ዳቦና ቆሎ ነበር፤ ድሬዳዋ ላይ አለቀ። ችግር የለም አልን፣ ቀጣዩ መውረጃ ጅቡቲ ነው። ድንበሩ ላይ ደወሌ ስንደርስ ባቡሩ ቆመ። ወረቀት ሊያዩ ነው ተባለ፤ አዩ። ዕቃ ሊፈትሹ ነው ተባለ፤ ፈተሹ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሐዲድ ጎርፍ ስለወሰደው እስኪጠገን ነው ተባለ፤ ይሄኛው ግን አላለቀም። ሦስት ቀን እዚያ አሸዋ ላይ ቆምን። ብርድ ለምዶ ያደገ ሰው ደወሌ ላይ በቀትር ምን እንደሚሆን ለማስረዳት አልሞክርም። ፉርጎው ውስጥ መቀመጥ ስለማይቻል ሰዉ ሁሉ ወርዶ በባቡሩ ጥላ ሥር ይደረደራል፤ ፀሐይዋ ስትዞር እኛም ተነስተን በወዲያኛው በኩል እንደረደራለን። ካርታ ተጫወትን፣ ካርታው ሲያሰለች ፉርጎዎቹን ቆጠርን፣ በቁጥሩ ተጨቃጨቅን፣ እንደገና ቆጠርን። አንድ የሐረር ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ከነጠረጴዛው አስጭኖ ይሄድ ነበርና ቢጨንቀው አውርዶ አሸዋው ላይ ተከለና ለመንገደኛው ሁሉ የተቀደደ ልብስ መስፋት ጀመረ። የኔን ሱሪ ጉልበት በነጻ ጠቀመልኝ፤ ክሩ አረንጓዴ ነበር። ሰውየው እጁ ሥራ እስካገኘ ድረስ ረሃቡን የረሳው ይመስል ነበር፤ እኔ ግን የምሰፋው አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ቀን ምግብ ነበር። የኢሳ ሴቶች ከሣር በተሰፋ ዕቃ የግመል ወተት ይዘው መጡ፤ አንዲት የድሬዳዋ ነጋዴም ከሻንጣዋ ከሰልና ማንቆርቆሪያ አውጥታ ሻይ አፍልታ ሸጠች። በሁለተኛው ቀን ወተቱ ጠዋት ስሙኒ የነበረው ከሰዓት ሽልንግ ገባ፣ ወደ ማታ ደግሞ ጠፋ። ተምር የያዘ ሰው ፊቱን ወደ ፉርጎው አዙሮ ሲያኝክ ከኋላው መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ታየዋለህ። ከሰው ተደብቆ የሚበላ ሰው በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው፤ አሳፈረኝ፣ እኔው ዞር አልኩለት። በዚያ ሁሉ መሀል ጩኮው በሙቀቱ መቅለጥ ጀመረ። ቅቤው በክዳኑ ሥር እየሾለከ እንጨቱን አወዛው፣ ሽታው ሦስት ፉርጎ አልፎ ይሄዳል። የድሬዳዋዋ ነጋዴ አላስቻላትም፣ መጥታ ፊቴ ቆመች።

“አንተ ልጅ፣ ይሄ የሚሸተው ነገር ከናንተ ነው? አትከፍቱትም እንዴ?”

“የአራስ ነው” አልኳት።

“እናንተ እዚህ ከሞታችሁ ለአራሷ ማን ያደርስላታል ታዲያ?”

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ከሁሉ አብልጦ አማን ሳቀ። ቆሪውን ጃኬቱን ደርቦበት ተንተርሶት ነበር የሚተኛው፣ እኔም ጎኑ ተኝቼ ሁለት ቀን ሙሉ ያን ሽታ ስስብ ከረምኩ። እናቴ አይነካም ብላለች፣ አልነካሁም። እጄ ወደዚያ ሲሄድብኝ በጎኔ ተጭኜው እተኛ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የጣቢያው ሰው ዛሬም አንሄድም አለ። ታናሽ ስለሆንኩ ምግብ ፍለጋ እኔ ወጣሁ። ደረቁን ወንዝ ተሻግሬ አንድ የኢሳ መንደር ደረስኩ። ኮሌታው ሰፊ፣ አበባ ያለበት፣ ለዓረፋ የተገዛልኝ ሸሚዝ ነበረኝ፤ አንዲት እናት ለልጇ ወደደችውና ሁለት ትልልቅ ቂጣና አንድ ጣሳ ወተት ሰጥታኝ ወሰደችው። ቂጣው ትኩስ ነው። በመንገድ ላይ ቆርሼ ብቀምስ ማን ያየኛል? ታላቄ ሳይቀምስ እንዴት ብዬ። በካናቴራ ብቻ እየተጣደፍኩ ወንዙ ጋ ስደርስ ባቡሩ ጮኸ። ሮጥኩ፤ ወተቱ ግማሹ እጄ ላይ ፈሰሰ። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፈኝ አማን በመስኮቱ ብቅ ብሎ አየኝ። ቆሪው ጭኑ ላይ ነበር። እጁን አውጥቶ አወዛወዘልኝ። ከዚያ ሐዲዱ ላይ ተቀመጥኩና መጀመሪያ የኔን ቂጣ በላሁ፤ የሱን ድርሻ ይዤ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ነው የበላሁት። ይህን አላህ ያውቃል።

ከሁለት ቀን በኋላ ለምኜ በዕቃ ባቡር ጅቡቲ ገባሁ። ዘይነባ ሴት ልጅ ተገላግላለች። ክፍሏ በጎረቤት ተሞልቷል፣ አማን አዲስ ሽርጥ ለብሶ ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፏል፣ ቆሪው ከነዛጎሉ ታጥቦ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እህቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ አየችኝ። “መጣህ? ጠገብክ?” አለችኝ። ቀጥላም ለሰዉ ሁሉ እንዲሰማ፣ “አማን ነግሮኛል፣ ወንድምሽ መንገድ ላይ ጨረሰው ብሎ” አለች። ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው ሳቁ። አማንን አየሁት፤ እሱ የሻይ ብርጭቆውን ያያል። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ግን በኛ ስለ እህል መሟገት ነውር ነው፣ ያውም ከታላቅ ጋር፣ ያውም በእንግድነት በተቀመጠበት ቤት። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ዘይነባ የሩዝ ሳህን ከምራ ስታስቀርብልኝ እያሾፈችብኝ ነው ብዬ ሁለት ጉርሻ በልቼ ተነሳሁ።

እኔ ሥራ ፈልጌ ጅቡቲ ጥቂት ስቆይ አማን ቀድሞኝ ተመልሶ ነበር። አሰላ ስገባ ወሬው አውቶቡስ ተራ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ረዳቱ ሻንጣዬን እያወረደ “ጩኮ መጣ” አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ነው። ብዙ ሰው ስሙን የሚወደው ይመስለኛል፣ ለአፍም ይጥማል፤ ታሪኩን የማያውቁ ወጣቶች በፍቅር ነው የሚጠሩኝ። ከሁሉ የቆጨኝ ግን እናቴ ናት። አንድም ቀን ስለ ጩኮው ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ግን ምግብ ሲቀርብ፣ እንግዳ ይኑር አባቴ ይኑር፣ ከሁሉ አስቀድማ የኔን ድርሻ ለብቻ ታነሳና ፊቴ ታስቀምጣለች። ይሄ ሆዳም ከሰው ፊት እንዳይሻማ ብላ ነው አልኩ። ሰዉም እንደዚያ ነው የገባው፣ ይጠቃቀሳል። በመጨረሻ አልጋ ይዛ እንኳ ገንፎ ሳበላት ሳህኑን በደካማ እጇ ወደኔ ትገፋዋለች፤ እኔ ካልጎረስኩ አትጎርስም። በንዴት እየጎረስኩ ቀበርኳት። ይህን ሁሉ በአማን ላይ አስቀመጥኩት። በቀል ይቆያል እንጂ አይሻግትም፣ እኔ አውቀዋለሁ።

እንግዲህ ይኸው ሰው ነው የመጣው። ነኢማን የሚፈልገው ልጅ የበቆጂ ነው፣ መምህር ነው፤ ክፉ የሚያወራበት ሰው አላገኘሁም፣ ፈልጌ ነበር። ቤተሰቡ ሽማግሌ ሲመርጥ የተከበረ ሰው ብሎ አማንን ከፊት አሰለፈው። በመጀመሪያው እሁድ ከሁለት ሰዎች ጋር መጥቶ በወጉ በር ላይ ቆመ፤ ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አይቀመጡም፣ መልስ ሳያገኙ ደግሞ ከቤቱ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። አምሮ ተናገረ፣ ድምፁ እንዳለ ነው። “እናስብበታለን” ብዬ ሸኘኋቸው። በሁለተኛው እሁድ የእናቷ ወንድም አልመጣም አልኩ። ማታ ነኢማ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ሟች ባለቤቴ የደወሌን ነገር ነግራታለች።

“አባባ፣ እርስዎ የሰውየውን ነገር እኔ ላይ አይወጡት” አለችኝ።

“ልጁን አልጠላሁትም።”

“እና እኔ ልቅር?”

“አትቀሪም። ትንሽ ትቆያለሽ እንጂ።”

“ስንት እሁድ?”

“ሦስት” አልኳት። ሦስት ቀን ነው የቆምነው። እያለቀሰች ተነሳች፣ እኔም እንቅልፌን ተኛሁ።

ሦስተኛው እሁድ ያለፈው ነው። ሰኣዳን ጩኮውን በእናቴ ቆሪ ሙዪው አልኳት። ዘይነባ ያን ጊዜውኑ መልሳልኛለች፣ ባዶውን ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነው የኖረው። ሽማግሌዎቹ በሦስት ሰዓት ገቡ፣ ተናገሩ፣ ተቀመጡ። ቆሪውን አስመጥቼ ክዳኑን ከፍቼ አማን እግር ሥር አስቀመጥኩና መልስ ሳልሰጥ ሬዲዮ ከፈትኩ። ዜና ሰማን። ዙሁር ደረሰ፣ ጎን ለጎን ሰገድን፤ ሱጁድ ስወርድ የአማን ሆድ ሲጮህ ሰማሁና ደስ አለኝ፣ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ መንገድ ላይ ስለሚሠራው አስፋልት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ በቆጂ ሯጮች አወራን። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። የዐስር ሶላት ሲቃረብ ከአማን ጋር ከመጡት አንዱ ሽማግሌ መቁጠሪያውን ኪሱ ከተተ።

“ኦቦ ከድር፣ ቀኑ ሄደ እኮ።”

“ደወሌ ሦስት ቀን ያስቆማል” አልኩት።

ሁለቱ ተያዩ። አማን ግን ዓይኑን ከቆሪው ላይ አነሳ። ዛጎሎቹን ያወቃቸው ገና አሁን መሆን አለበት።

“ልጄን እሰጣለሁ” አልኩ። “አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ይሄን ዕቃ ማን እንዳጎደለው አማን ይንገረን።”

ነኢማ ጓዳ በር ላይ ሆና መጋረጃውን ጨብጣለች። ቢክድ ሁሉንም ላፈርስ ቆርጬ ነበር፣ አሁን ስጽፈው ያስፈራኛል። አማን ጢሙን ሁለቴ ዳሰሰ።

“እኔ ነኝ” አለ። “ባቡሩ ሲነሳ ጠፍሩን ፈታሁት። አንድ ጣት ብቻ ብዬ ነበር። ጅቡቲ እስክንገባ ለማንም አልሰጠሁም። ከዚያ ያላደረግከውን፣ ከድር ነው የጨረሰው ብዬ አልኩ። ወደ ድሬዳዋ የምትመለስ መስሎኝ ነበር፣ ትመጣለህ አላልኩም።”

“ለሷ ንገራት” አልኩና ስልኬን አወጣሁ። ዘይነባ ባሏ ከሞተ ወዲህ ድሬዳዋ ልጇ ጋ ናት። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍቼ ስልኩን አማን እጅ ላይ አደረግኩ። እዚያው ደገመላት፣ በቀስታ፣ ቃል በቃል። መልሷ ወዲያው መጣ።

“አውቃለሁ” አለች። “ጢሙ ላይ የገብስ ዱቄት ነበር፣ እጅጌው በቅቤ ርሶ። ገና ሲገባ ነው ያወቅኩት።”

ስልኩን ነጠቅኩት። “ታዲያ ለምን በሰው ፊት እኔን?”

“እንግዳ ነበራ፣ ከድር። እንግዳን በእህል ያሳፍሩታል? አንተ ወንድሜ ነህ፣ ትችለዋለህ ብዬ ነው። በኋላ ብትጠይቀኝ ነግሬህ አብረን እንስቅ ነበር። አንተ ግን አልጠየቅከኝም።”

“ሃምሳ ዓመት?”

“ሃምሳ ዓመት አልጠየቅከኝም። እናታችንማ ያኔውኑ በደብዳቤ ጠይቃኝ ነገርኳት። ልጄ ጩኮው ጎኑ እያለ በረሃብ ሄደ ብላ ስታለቅስ ነው የከረመችው። ከዚያ ወዲያ ያንተን ቀድማ የምታነሳው ለምን ይመስልሃል?”

ስልኩን ዘጋሁት። ደህና ሁኚም አላልኳት። አማን ያንን ሁሉ ዓመት ወስዶብኛል፤ እሷ ደግሞ በአንድ ደቂቃ እናቴ የምታነሳልኝን ድርሻ በምን ልብ ስጎርስ እንደኖርኩ አሳየችኝ፣ አሁን ለማን እንደምቆጣ ጠፋኝ። ሁለቱም ላይ ተቆጣሁ። እንባዬ መጥቷል፣ ሽማግሌዎቹ ወለሉን ያያሉ። ሰኣዳ እንደ ሥርዓቱ ቆሪውን አንስታ ለታላቁ እንግዳ፣ ለአማን፣ ልታቀርብ ጎንበስ ስትል እጇን ያዝኩት። ዕቃውን ጭኔ ላይ አደረግኩና በክንዴ ከበብኩት።

“ለእንግዶቹ ሩዙንና ሥጋውን አምጪ፣ ይብሉ” አልኩ። “ይሄ የኔ ነው።”

በላሁት። በጣቴ እየዛቅኩ፣ ዘጠኝ ሽማግሌ ቢመጣ የማይጨርሰውን ነገር፣ ሳልቸኩል፣ አማን ዓይን ውስጥ እያየሁ በላሁት። እንዴት እንደሚጣፍጥ ረስቼው ነበር። ነኢማ ከመጋረጃው ወጥታ “አባባ፣ ያምዎታል” አለች፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። ሰዉ በልቶ፣ መርቆ፣ ቀን ተቆርጦ እስኪያልቅ እኔ ከዕቃው ቀና አላልኩም። ታችኛውን በዳቦ ጠረግኩት። ሲወጡ አማንን በሩ ላይ ያዝኩትና ባዶውን ቆሪ ከነክዳኑ አስታቀፍኩት።

“ለሰርጉ ዘይነባን ከድሬዳዋ የምታመጣት አንተ ነህ” አልኩት። “ይሄን ውሰድላት። ወንድምሽ መንገድ ላይ ጨረሰው በላት።”